ጥየቃ ሄደን የሰማነው ትምህርት

«ኦንላይን ይሻላል ወይስ ክፍል?» የሚል ክርክር ሲነሳ አፌን ዘግቼ ላልፍ ለራሴ ስንት ጊዜ ቃል እንደገባሁ አትጠይቁኝ። አልቻልኩም። በቀደም ዕለት እንኳ እዚህ ደብረ ማርቆስ፣ ዶርማችን ውስጥ፣ ልጆቹ በዚሁ ነገር ሊናከሱ ሲደርሱ «እኔን በሁለቱም መንገድ ያስተማረኝ አንድ ሰው ነው፤ በአንድ ዓመት፣ በአንድ ትምህርት» አልኳቸው። የቀለድኩ መስሏቸው ሳቁ። እናንተ ከመሳቃችሁ በፊት ጨርሳችሁ ስሙኝ።

ያኔ ሉማሜ ውስጥ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አባቴ አስፋልቱ ዳር፣ አውቶቡሶች የሚቆሙበት አካባቢ ሱቅ አለው። ስኳር፣ ሳሙና፣ ባትሪ ድንጋይ፣ ሰው የሚፈልገው ሁሉ አለን። ከጎናችን ወፍጮ ቤት ነው። ታላቅ ወንድሜ ኸድር አዲስ አበባ ይሠራል። ስልክ ገዝቶ የላከልኝ እሱ ነው፤ ከላከልኝ ቀን ጀምሮ ደግሞ እረፍት ነሳኝ።

«ሰሚራ፣ አንድ የፊዚክስ አስተማሪ አለ። ፊቱን አያሳይም፤ እጁና ድምፁ ብቻ ነው። ግን እንዴት አድርጎ እንደሚያስረዳ ብትሰሚው! ልመዝግብሽ?»

«የኛ ቲቸር ይሁኔ ካንተ ስልክ ይበልጣል» እለዋለሁ።

አባቴ የኸድር ወገን ነበር። ያ ዓመት ትምህርት ቤት ሲከፈት ሲዘጋ የከረመበት ዓመት ስለነበር ከቤት በወጣሁ ቁጥር ልቡ አብሮኝ ይወጣል። «ልጄ፣ እዚሁ ሱቅ ቁጭ ብለሽ በስልክ ብትማሪ ምን ይጎድልብሻል? ሰው ሁሉ እንደዚያ ሆኗል» ይለኛል። እኔም «አባባ፣ ስልክ ፊቴን አያይም። አልገባኝም ስል ቲቸር ከፊቴ ላይ ያነብልኛል» እያልኩ እሟገተዋለሁ። በመጨረሻ በአንድ ነገር ተስማማን። እስከ ኢድ ድረስ ክፍሌ ልማር፣ ከኢድ በኋላ ግን አንዱን እንቁረጥ። በስልክ ተማሪ ተብሎ ከተቆረጠ ደግሞ እኔ ከሱቅ አልወጣም። እንግዲህ የዚያን ጊዜ ፍርሃቴ ይኸው ነበር።

ቲቸር ይሁኔ የመርጡለ ማርያም ሰው ነው። መስከረም ላይ ክፍላችን ሲገባ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ፊዚክስ ተረት ተረት መሰለን። ሰባ ልጅ ትንፋሹን ውጦ ይሰማዋል። ከጥር በኋላ ግን ጉሮሮው ታመመ። አንድ ቀን እጁን አንገቱ ላይ አድርጎ፣ በሹክሹክታ፣ «ልጆች፣ ሐኪም ብዙ አትናገር ብሎኛል» አለን። ከዚያ ወዲህ የክፍል አለቃችን ጌትነት ኖቱን ሰሌዳ ላይ ይገለብጣል፣ እኛ ደብተር ላይ እንገለብጣለን፣ ቲቸር ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ያየናል። ጉሮሮው እንዳይደክም ብለን እኛም ድምፃችንን አጠፋን። ጎረቤት ክፍል ሲንጫጫ እንኳ ተቆጥቶ ዝም የሚያሰኝ ልጅ መደብን።

የኛን አገር ልጅ ታውቁታላችሁ። አስተማሪን እጅ አውጥቶ መጠየቅ «በደንብ አላስተማሩም» ብሎ መስደብ ይመስለዋል። ቲቸር ይህን ስለሚያውቅ ባዶ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ አምጥቶ መስኮቱ ላይ አስቀመጠ። «ያልገባችሁን በብጣሽ ወረቀት ጽፋችሁ እዚህ ጨምሩ። ከቤታችሁ፣ ከሠፈራችሁ ያያችሁትን ጠይቁ። ጉሮሮዬ ሲሻለኝ አንድ በአንድ እመልስላችኋለሁ» አለ፤ ይህንንም በሹክሹክታ። ቆርቆሮው በየሳምንቱ ይሞላል፣ እሱም በየሳምንቱ ወደ ቤቱ ይወስደዋል። እኔ የጻፍኩት ይኼ ነበር፦ «ቲቸር፣ ከሱቃችን አጠገብ ያለው ወፍጮ ሲነሳ የሱቃችን መብራት ለምን ይፈራል?» መልሱን በጣም ነበር የምጓጓለት። መብራቱ ደብዘዝ ባለ ቁጥር ጥያቄዬ ትዝ ይለኛል።

በረመዳን አጋማሽ ላይ ቲቸር ጭራሽ ቀረ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ከዚያ «አልጋ ይዟል» የሚል ወሬ መጣ። ክፍሉ ውስጥ የለቅሶ ቤት ድባብ ወረደ። ተመካከርንና ሦስት ሰዎች ጥየቃ እንድንሄድ ተመረጥን፤ ጌትነት፣ እኔና ጓደኛዬ ትርንጎ።

ትርንጎ የይጁቤ አካባቢ የገበሬ ልጅ ናት። ሉማሜ ቤት ተከራይታ፣ ከእናቷ በሚላክላት ድርቆሽ እየኖረች ነው የምትማር። እሷ በሁዳዴ፣ እኔ በረመዳን፣ ሁለታችንም ጿሚዎች ነበርን። እናቷ የአስተማሪዋን መታመም ሰምተው «ለጉሮሮው ይለዝብለታል» ብለው የአጥሚት ዱቄት በሻሽ ቋጥረው ልከዋል። እኔ ለአባቴ ስነግረው ሎሚና ዝንጅብል በፌስታል አደረገልኝ። «በይ ሂጂ። የአስተማሪ ጉሮሮ የሠፈር ሁሉ ጉሮሮ ነው» አለኝ። አባቴን የዚያን ዕለት እንዴት እንደወደድኩት።

ቲቸር የተከራየበት ግቢ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። ስንደርስ አከራይዋ እማማ ስንዱ በረንዳ ላይ ምስር ይለቅማሉ። ሲያዩን ሰፌዱን አስቀምጠው ብድግ አሉ።

«መጣችሁ የኔ ልጆች? እኔማ ለማን አቤት ልበል እያልኩ ነው።»

«ባሰባቸው እንዴ እማማ?» አለ ጌትነት።

እማማ ስንዱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ብቻውን ያወራል። በሩን ዘግቶ ይጮኻል፣ ይስቃል። ‹ገባችሁ? ገባችሁ?› ይላል። ኧረ ማንም አልገባ! እኔ ከዚህ በረንዳ ተነስቼ አላውቅም። በፊት ሲመሽ ሲመሽ ነበር፣ አሁን ይኸው በጠራራ ፀሐይ።»

እርስ በርስ ተያየን። በጫማችን ጫፍ ወደ በሩ ተጠጋን።

እውነትም ይናገራል። በዚያ በመስከረሙ ድምፅ ነው የሚናገር፣ የሚያስገመግም፣ ጉሮሮ ጉሮሮ የማይል ድምፅ። «እሺ የኔ አንበሶች! ወደ ኋላ ተመለሱና እዩት። ገባችሁ? ያልገባው ሰው እንዳይደብቀኝ!»

ትርንጎ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «በማርያም! እኛን እኮ ነው የሚያስተምር። በትኩሳቱ ውስጥ ሆኖ ክፍል ያለ መስሎታል» አለች።

እኔም አለቀስኩ። ምን ልዋሻችሁ? ሰው በሕመም ሲቃዥ የልቡን ነው የሚናገር ይባላል። የቲቸር ልብ እኛ ነን ማለት ነው። ከዚያ የበለጠ ፍቅር ከየት ይመጣል? በልቤ ዱዓ አደረግኩለት። እማማ ስንዱ ያማትባሉ። ጌትነት «ጸበል ያስፈልገዋል። ሮጬ ይዤ ልምጣ» አለና የላስቲክ ጠርሙስ ከእማማ ስንዱ ተቀብሎ በረረ።

እኔና ትርንጎ በሩ ላይ ጆሯችንን ለጥፈን ቀረን። ቆየት ሲል ግን አንድ ነገር ቆረቆረኝ። የሚናገረው ሁሉ ተሰካክቶ ነው የሚሄድ። ወሩን ሙሉ ከሰሌዳ ገልብጬ ገልብጬ ያልገባኝ ነገር እዚያው በር ላይ ቆሜ ገባኝ። ትኩሳት ያለበት ሰው እንዲህ አጥርቶ ያስተምራል እንዴ? ትርንጎን ልጠይቃት ዞር ስል ቲቸር ከውስጥ ሳቀ።

«አሁን አንድ የሚያስቅ ነገር ላንብብላችሁ። አንዲት የገጠር ልጅ ምን ብላ እንደጠየቀችኝ ታውቃላችሁ? ‹ወፍጮው ሲነሳ መብራታችን ለምን ይፈራል?› ሃሃ! መብራት አይፈራም የኔ እህት! ቻቱን ባየችው፤ እናንተም ሳቃችሁ አይደል?»

ትርንጎ ክንዴን ያዘችኝ። ያንን ወረቀት ስጽፍ አጠገቤ ነበረች።

«ግን ቁም ነገር አላት» አለ ድምፁ፤ እኔ ወሩን ሙሉ የጓጓሁለት መልስ መጣ። «ቧንቧን አስቡ። ጎረቤታችሁ በርሜል መሙላት ሲጀምር የናንተ ውኃ ይቀጥናል አይደል? ወፍጮውም ሲነሳ ብዙ ከረንት በአንዴ ይስባል። መስመሩ ደግሞ የራሱ ሬዚስታንስ አለው። ብዙ ከረንት ሲያልፍበት ቮልቴጁ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ለመብራቱ የሚደርሰው የተረፈው ነው። ገባችሁ? ሜሮን፣ ያንቺንም ጥያቄ አይቼዋለሁ፣ እመጣለሁ።»

ክፍላችን ውስጥ ሜሮን የምትባል ልጅ የለችም።

አላንኳኳሁም። በሩን ገፋሁት።

አልጋው ተነጥፏል፤ የተኛበትም ሰው ያለ አይመስልም። ግድግዳው ላይ ነጭ ሰሌዳ፣ ከፊቱ መብራት፣ መብራቱ ሥር በጠረጴዛ ላይ የቆመ ስልክ። አልጋው ላይ የኛ ብጣሽ ወረቀቶች እንደ ካርታ ተደርድረዋል። ቲቸር ይሁኔ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ማርከር ይዞ ቆሟል። እኛን አየ። ከዚያ ቶሎ ብሎ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለና «የኔ አንበሶች፣ ኔትወርክ እየተቆራረጠብኝ ነው፣ አንድ ጊዜ» ብሎ አጠፋው።

ቀጥሎ ያደረገውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ወደኛ ዞሮ እጁን አንገቱ ላይ አደረገና፣ በዚያ በክፍሉ ሹክሹክታ፣ «ምነው ልጆች... በሰላም ነው?» አለን።

ልብ በሉልኝ። አሁን በር ላይ ቆመን ሰምተነዋል። በስልኩ ውስጥ ላሉት ያን ሁሉ ድምፅ አውጥቶ፣ ለኛ ሲሆን ታመመ።

ትርንጎ አጥሚቱን በሁለት እጇ እንደያዘች ቀረች። እኔ ነኝ የተናገርኩት። «ቲቸር፣ መብራት አይፈራም አሉ።»

ፊቱ ደም መሰለ። እጁ ከአንገቱ ወረደ፣ ድምፁም ተመለሰ። «ሰሚራ፣ አንቺን ለመንካት አልነበረም። ስምሽን አልጠራሁም።»

«ጉሮሮዎ ዳነ?»

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ሲል ወረቀቶቹ ተንሸራተቱ። «ስሙኝ ልጆች። ክፍል ስገባ ሰባ ልጅ አፍጥጦ ያየኛል። የገባውም ዝም፣ ያልገባውም ዝም። ለግድግዳ እንደመናገር ነው። እዚያ ግን ይጠይቃሉ፣ ያመሰግናሉ፣ ያልገባቸውን ደጋግመው ይጽፋሉ። ሰው ሲሰማህ ታውቀዋለህ። ቀን እናንተ ላይ ድምፄን ከጨረስኩ ማታ ለነሱ አይወጣልኝም። እናንተማ ኖት አላችሁ፣ መጽሐፍ አላችሁ።»

«ጠይቀናል እኮ ቲቸር» አልኩት። «እዚያ የሚያነቡላቸው የኛን ጥያቄ ነው። ይኸው አልጋዎ ላይ ነው።»

ያን ጊዜ ትርንጎ አንድ እርምጃ ወደፊት ቀረበች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ቲቸር፣ ታመዋል ወይስ አልታመሙም? እናቴ ልካኝ ነው። ምን ልበላት?»

አንገቱን ደፋ። አጥሚቱን ጠረጴዛው ላይ፣ ስልኩ አጠገብ አስቀመጠችው። ይዛው እንድትመለስ በዓይኔ ጠቀስኳት፤ እሷ ግን ለታመመ ተብሎ የተላከ ነገር ወደ ቤት አይመለስም አለች። እኔ ሎሚና ዝንጅብሌን ይዤ ወጣሁ። አባቴ የላከው ለታመመ ጉሮሮ ነው እንጂ ለሜሮን አይደለም።

ስንወጣ ጌትነት ጸበሉን ይዞ እያለከለከ ደረሰ። ከትከሻችን በላይ ወደ ውስጥ ሲያይ ቲቸር በእግሩ ቆሟል። ጌትነት ፊቱ በራ። «ዳኑ! እማማ፣ ጸበሉ ሳይነካቸው ዳኑ!» አለ። እማማ ስንዱ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ የኛን ፊት ሲያዩ መልሰው ዘጉት። ለዚያ ልጅ እውነቱን መንገር ከሁሉም ከበደኝ።

ቤት ስደርስ አባቴ «እንዴት ነው አስተማሪሽ?» አለኝ። «አልታመመም» አልኩት፤ ሁሉንም ነገርኩት። ከዚያ ለኸድር ደወልኩ። ልቤ ቀድሞ አውቆታል፤ ግን ከሰው አፍ መስማት ፈለግሁ።

«ያ የምትለው አስተማሪ ስሙ ማን ነው?»

«ስሙን አይናገርም፤ ፊቱንም አያሳይም አልኩሽ እኮ። ተማሪዎቹን ግን ‹የኔ አንበሶች› ነው የሚል። ምነው? ልመዝግብሽ?»

ስልኩን ለአባቴ ሰጥቼው ወደ ጓዳ ገባሁ። ያን ሁሉ ወር «የኛ ይበልጣል፣ የኛ ይበልጣል» እያልኩ የተሟገትኩት ለካ አንዱን ሰው ከራሱ ጋር እያወዳደርኩ ኖሯል። አባቴ ኢድን አልጠበቀም። «ተቆርጧል ልጄ። በስልክ ትማሪያለሽ» አለ። ያለቀስኩት ተሳስቷል ብዬ አይደለም። ልክ ስለነበረ ነው።

ወሬው ትምህርት ቤት ደረሰ። ርዕሰ መምህሩ ክፍላችን መጥተው «እሱን ካባረርኩ ፊዚክስ ማን ያስተምራችኋል?» አሉና በምክር አለፉት። ቲቸር ይሁኔ ተመለሰ። ሹክሹክታው ቀረ፣ የኖቱ ግልበጣ ግን ቀጠለ። ይህን የነገረችኝ ትርንጎ ናት፤ እኔ ከዚያ በኋላ ክፍል የምሄደው ለፈተና ምዝገባና ለመሳሰለው ብቻ ነበር።

ትርንጎን ለምኛታለሁ። «ስማርትፎን ባይኖርሽ ምን ቸገረሽ? ከትምህርት በኋላ ሱቅ ነይ፣ በኔ ስልክ አብረን እንማር» አልኳት። አባቴም ራሱ ጠርቶ ነገራት። አመስግናው እምቢ አለች። «ፊት ለፊት የነፈገኝን በጓሮ ዞሬ አልለቅምም። ከሰጠኝ እዚያው ክፍሌ ይስጠኝ» አለችኝ። ተቆጣኋት፣ ሞኝ አልኳት። እሷ ግን በየቀኑ ፊተኛው ወንበር ላይ እየተቀመጠች ታፈጥበት ጀመር። አንድ ቀን፣ በኛ አገር ያልተለመደውን፣ እጇን አውጥታ «አልገባኝም» ብላዋለች። «ኖቱ ላይ አለ» ነው ያላት።

እኔ በስልኩ ተማርኩ። እውነቱን ልናገር፣ በደንብ ተማርኩ። ድምፁን በሰማሁ ቁጥር ሆዴ እየቆሰለ፣ ጭንቅላቴ ግን እየተቀበለ። የምትጠሉት ሰው ያበሰለው ጥሩ ወጥ ምን እንደሚመስል ቀምሳችሁ ታውቁ እንደሆነ አላውቅም። አንዳንድ ቀን የክፍላችን ልጆች ጥያቄ ብቅ ይላል፤ በእጅ ጽሑፉ ሳይሆን በነገሩ አውቀዋለሁ። ስለ በሬ ቀንበር ያነሳ እንደሆነ ከገጠር የሚመላለሱት ልጆች ናቸው። እዚያ የሚያመሰግኑት ልጆች ጥያቄው የኛ መሆኑን ከየት ያውቁታል?

ውጤት መጣ። እኔ አለፍኩ። ትርንጎ ለጥቂት ሳታልፍ ቀረች።

በዚያው ሰሞን ኸድር ደወለልኝ፤ ይጮኻል። «ሰሚራ፣ የአስተማሪሽ ቻናል ላይ ወጥተሻል!» ከፍቼ አየሁት። ፎቶዬ ከነሻሼ፣ ከመለያ ገጼ ላይ የተወሰደ፣ ማንም አልጠየቀኝም። ከሥሩ «ከአንበሶቻችን አንዷ! ከክፍለ ሀገር በስልክ ብቻ ተምራ ዩኒቨርሲቲ የገባች። አሁንም ክፍል ይሻላል የምትሉ እስቲ መልሱ» ይላል። የምስጋናውና የልቡ ምልክት ብዛት ለጉድ ነው። የወፍጮዋ ጠያቂ እኔ እንደሆንኩ ግን የትም አልተጻፈም።

ስለዚህ፣ አንባቢዎቼ፣ ሰው «የኦንላይን ተማሪዎች ውጤት ይበልጣል» ሲላችሁ አትቸኩሉ። አይበልጥም አልላችሁም፤ እኔ ራሴ ማስረጃ ሆኜ ተለጥፌያለሁ። ግን የበለጠው ስልኩ ነው ወይስ ለስልኩ ሲባል ከክፍሉ የተቀነሰው ነገር? አንድ እንጀራ ለሁለት ቆርሶ ትልቁን ጉማጅ ለአንዱ ሰጥቶ፣ በኋላ «ይህኛው ይበልጥ ጠገበ» ማለት ምን የሚሉት ሚዛን ነው? ቲቸር ይሁኔ ጉሮሮው አንድ ነበር። ለማን እንደሚያወጣው የመረጠው እሱ ነው። እኔ እሱን ይቅር ማለት አልቻልኩም፤ ይቅር በይው የሚለኝ ሰውም ባይመጣብኝ እመርጣለሁ።

ዩኒቨርሲቲ ልገባ ዕቃዬን ስሸክፍ ትርንጎ ልትሰናበተኝ ሱቅ መጣች። በግል ልትፈተን ተመዝግባ ነበር። ፎቶዬን እንዳታየው ፈርቼ ነበር፤ አባቴ ግን ምስኪን፣ በኩራት አውጥቶ አሳያት። ረጅም ጊዜ አየችው። ሳቅ እንደማለት አለችና ስልኩን መለሰችልኝ።

«ያምርብሻል» አለች። «አንቺስ ይኸው የእሱ ተማሪ ተባልሽ። እኔ ዓመቱን ሙሉ ፊቱ የተቀመጥኩት ግን የማን ተማሪ ነኝ?»